የዛገ ቸርኬን ማጽዳትና መልሶ መቀባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀለም ዝገትን አይገድልም። ለጥቂት ወራት ሸፍኖ ያስውበዋል እንጂ፣ ሥር የቀረው ዝገት እርጥበትና አየር እስካገኘ ድረስ ብረቱን መብላት አያቆምም። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ እየበዛ ሲሄድ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ በመጨረሻም ይልጠዋል። ሌላው መዘንጋት የሌለበት ነገር ቸርኬ እንደ ኮፈን ወይም እንደ በር አለመሆኑ ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ክፍል ስለሆነ፣ ቀለም ሲበዛ የሚጎዳባቸው ቦታዎች አሉት። ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ይነሳሉ።

ቸርኬዬ ብረት ይሁን አሉሚኒየም በምን አውቃለሁ?

ማግኔት ያስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ በተለምዶ አሎይ የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ጠርዙ ላይ የተመታው የባላንስ ክብደት ላይ ግን አይሞክሩት፤ እሱ ራሱ ብረት ሊሆን ይችላል። በዓይንም ይለያል፦ ብረት ሲዝግ ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ አሉሚኒየም ግን ነጭ ዱቄት ያወጣል ወይም ከክሊሩ (ከላይ ከሚቀባው ብርሃን አሳላፊ የመጨረሻ ሽፋን) ሥር የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይዘረጋል። እዚህ በብዛት የምንናገረው ስለ ብረት ቸርኬ ነው፤ አሎይ ወደ ታች ለብቻው ተመልሷል።

አሎይ አይዝግም ከተባለ፣ አሎይ ቸርኬ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ ምንድን ነው?

የቸርኬው ሳይሆን የፍሬኑ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከሸራውና ከዲስኩ የሚረግፈው ትኩስ የብረት ብናኝ ክሊሩ ላይ ይጣበቅና ውሃ ሲያገኘው ይዝጋል። ለዚሁ የተሠራ፣ ብናኙን ሲነካ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚለወጥ ማስለቀቂያ ፈሳሽ አለ። በእሱ ከወጣ መቀባት አያስፈልግም።

የትኛው ቸርኬ ይቀባል? የትኛውስ ይጣላል?

ይህ ጥያቄ ብርጭቆ ወረቀት ከመግዛት በፊት መመለስ አለበት። ቸርኬውን በሳሙና ውሃ አጥበው በብርሃን ይዩት፤ ከፋቁት በኋላም ድጋሚ ይዩት፤ ስንጥቅ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ብረቱ ከነጣ በኋላ ነውና።

በመጀመሪያ የሚመረመሩት የዳዶ ቀዳዳዎች ዙሪያ፣ የአየር ቀዳዳዎች ጠርዝ፣ እንዲሁም የመሃሉ ሰሃን ከዙሪያው ጋር የተበየደበት መስመር ናቸው። ከእነዚህ ቦታዎች ተነስቶ በቀለሙ ላይ የሚሄድ ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ሥሩ ስንጥቅ አለ ብለው ይጠርጥሩ። ከዳዶው ጀምሮ እንደ ጨረር ወደ ውጭ የተዘረጋ የዝገት ፍሳሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፦ ዳዶው ላልቶ ይሠራ እንደነበር። እንዲህ ያለ ቸርኬ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ፣ የዳዶው መቀመጫም ተበልቶ ሊገኝ ይችላል። የተሰነጠቀ ወይም ቀዳዳው የሰፋ ቸርኬ አይቀባም፣ አይበየድም፤ ይጣላል።

ከዚያ በኋላ የዝገቱን ጥልቀት ይመልከቱ። ካቻቢቴ ወይም ሹል ብረት ይዘው በጣም የተበላውን ቦታ ጠበቅ አድርገው ይውጉት። ከሰመጠ ወይም ብረቱ ከተነቃነቀ ነገሩ አልቋል። የቤት መኪና ቸርኬ ዙሪያው በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው ያለው። ስለዚህ ወደ 1 ሚሊ ሜትር የተጠጋ ጉድጓድ፣ በተለይ ብየዳው አጠገብ ወይም ጎማው በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ቸርኬውን ለመጣል በቂ ምክንያት ነው። ፊቱ ላይ የተበተኑ፣ ጥፍር ብቻ የሚይዛቸው ትናንሽ ጉድጓዶች ግን አያሳስቡም።

ጎማውን ማስወለቅ ግድ ነው?

ዝገቱ የፊት ገጹ ላይ ብቻ ከሆነ ግድ አይደለም። አየሩን ሙሉ በሙሉ አውጥተው የጎማውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ገፋ በማድረግ፣ በቸርኬውና በጎማው መካከል የካርታ መጫወቻ ወይም የተቆረጠ ጠንካራ ወረቀት እየተደራረበ ዙሪያውን ይሰካል። ይህ ከማስኪንግ ቴፕ ይልቅ ንጹህ መስመር ይሰጣል፤ ቀለሙም እስከ ጠርዙ ሥር ይገባል። ሆኖም ጎማ ያለበት ቸርኬ ላይ ግራይንደር አይነሳም። ጎኑን አንድ ጊዜ ከነካው ጎማው ለመንገድ አይሆንም።

ጎማው ቀስ እያለ አየር የሚያጣ ከሆነ፣ ወይም ዝገቱ ወደ ጠርዙ ውስጥ ከገባ፣ ጎሚስታ ዘንድ ወስደው ያስወልቁት። ጎማ መለወጫው ጊዜ ሲደርስ ቸርኬውንም አብሮ መሥራት ከሁሉም ያዋጣል።

እንዲያው ልማድ ሆኖ፣ የተጣበቀ ዳዶ ወይም ቀለም በእሳት የሚያስለቅቁ አሉ። ጎማ ያለበት ቸርኬ፣ አየሩ ቢወጣም እንኳ፣ በችቦ አይሞቅም፣ አይበየድም። ጎማው ሲጨስ የሚወጣውና ውስጡ የሚታመቀው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል።

ዝገቱን ለማንሳት የትኛው መንገድ ይሻላል?

እንደ ዝገቱ ውፍረትና እንደ ቸርኬው ብዛት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ቅባቱ በሳሙና ውሃና በብሩሽ ይታጠባል። ቅባት እያለ መፋቅ ማለት ቅባቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ውስጥ ማሸት ነው።

ላዩን ብቻ ያቀላ ዝገት በእጅ ይወጣል፦ በሽቦ ብሩሽ፣ ቀጥሎ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ማለስለሻው በ180 ወይም በ240። ቅርፊት የሠራ ዝገት ግን ወረቀት ይጨርሳል እንጂ ንቅንቅ አይልም። እሱን በትንሽ መዶሻና በጠፍጣፋ መፋቂያ ካራገፉ በኋላ ነው ግራይንደር ላይ የሽቦ ኩባያ ወይም 80 ቁጥር ፍላፕ ዲስክ (የብርጭቆ ወረቀት ቁርጥራጮች የተደራረቡበት ዲስክ) የሚገጠመው። የሽቦ ኩባያው ላይ የተጻፈውን የዙር ገደብ ያንብቡ። 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይዞራል፤ ለድሪል የተሠራ ብሩሽ ግን የዚህን ግማሽ እንኳ ላይችል ይችላል። ገደቡ ሲታለፍ ሽቦዎቹ እየተነቀሉ እንደ መርፌ ይበተናሉ። ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽርና በላዩ የፊት መከላከያ፣ ወፍራም ጓንት፣ የአቧራ ማስክ ሳይለበስ አይጀመርም።

የሽቦ ብሩሽ አንድ የሚያታልል ጠባይ አለው፦ ጠንካራ ዝገትን ሳያነሳ አብርቶ ይተወዋል። ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ቦታ ካዩ የተወለወለ ዝገት ነው። የጸዳ ብረት ግራጫ ነው። ብሩሹ ንጹሁን ብረትም ቢሆን ስለሚያለሰልሰው ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው የመሠረት ቀለም) የሚይዝበት ጭረት አይተውም። ስለዚህ ከሽቦ በኋላ ሁልጊዜ በ80 ወይም በ120 ወረቀት መጫር አለበት። ፍላፕ ዲስክ በተቃራኒው ብረቱንም አብሮ ይበላል፤ ከብየዳው፣ ከዳዶ መቀመጫውና ጎማው ከሚያርፍበት ጠርዝ ያርቁት።

አራትና ከዚያ በላይ ቸርኬ ካለ፣ ወይም ጉድጓዱ ከበዛ፣ በአየር ግፊት ብናኝ የሚነፋ ቤት መውሰድ ይሻላል። ብሩሽ የማይደርስበትን የጉድጓድ ውስጥ በደንብ ያጸዳል። የሚነፋው ጋርኔት ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ እንጂ ተራ የወንዝ አሸዋ መሆን የለበትም፤ የአሸዋው ሲሊካ ብናኝ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ከመነፋቱ በፊት የዳዶ መቀመጫዎቹ እንዲሸፈኑ ይንገሯቸው።

ኮምጣጤ፣ ሲትሪክ አሲድና የመሳሰሉት ይሠራሉ?

ይሠራሉ፣ ቀርፋፋ ናቸው። 5 በመቶ አሲድ ያለው ኮምጣጤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት መዘፍዘፍ ይፈልጋል። ሲትሪክ አሲድ ከ50 እስከ 100 ግራም በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሠራል። ችግሩ ቸርኬን ሙሉ በሙሉ የሚያሰጥም ዕቃ ማግኘቱ ነው። ካልተገኘ በፈሳሹ የራሰ ጨርቅ ዝገቱ ላይ ተደርጎ እንዳይደርቅ በፕላስቲክ ይሸፈናል። በየሰዓቱ ያዩት፤ ዝገቱ ካለቀ በኋላ አሲዱ ወደ ብረቱ ይዞራል።

ሲወጣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ተበጥብጦ ይታጠባል፣ በንጹህ ውሃ ይለቀለቃል፣ ወዲያው በሙቅ አየር ይደርቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ወርቃማ ብጫ ዝገት ቢወጣበት አይደንግጡ፤ በ180 ወረቀት አንድ ጊዜ ሲታሽ ይሄዳል።

ከፎስፎሪክ አሲድ የተሠሩ ዝገት ማስለቀቂያዎች ፈጣን ናቸው፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ሳይደርቁ በውሃ መታጠብ አለባቸው፤ ደርቆ የቀረው ቅሪት ፕራይመሩ እንዳይይዝ ያደርጋል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ግን ለቸርኬ አንመክርም። ዝገቱን በፍጥነት ያነሳል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ውስጥ የሚቀረው ክሎራይድ ዝገቱን ይመልሰዋል፣ እንፋሎቱም አጠገቡ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ያዝጋል። በማንኛውም አሲድ ሥራ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ከበረኪና ጋር ደግሞ በፍጹም አይገናኝም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

በባትሪ ቻርጀር ዝገት ማስለቀቅስ?

ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጤናማውን ብረት አይበላም። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይበጠበጣል። የ12 ቮልት ቻርጀሩ ኔጌቲቭ ቸርኬው ላይ፣ ፖዘቲቩ አንድ የማይፈለግ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ እንዳይነካኩ። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይተዋል። ገመዱ ከተገለበጠ የሚበላው ቸርኬው ነው። የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) በፖዘቲቩ በኩል አይታሰርም፤ ከውስጡ የሚወጣው ክሮሚየም መርዝ ነው። ሥራው ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ክፍት ቦታ ይደረግ፤ መቆንጠጫውን ከመንካትዎ በፊት ቻርጀሩን ያጥፉ። አሉሚኒየም እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሶዳው ራሱ ይበላዋል።

ዝገት መቀየሪያ ፈሳሽ ቀብቼ በላዩ ቀለም ብቀባስ?

መቀየሪያው ቀይ ዝገትን ወደ ጥቁር፣ ጸጥ ወዳለ ውህድ ይለውጣል። የሚሠራው ግን በደንብ ከተቦረሸ በኋላ በቀረ ስስና የያዘ ዝገት ላይ ነው። ቅርፊት ላይ ቢቀቡት ላዩን ያጠቁረዋል፤ ሥሩ ያለው ዝገት እንዳለ ይቀጥላል። ንጹህ ብረት ላይም ጥቅም የለውም። ከጉድጓድ ውስጥ ማውጣት ያቃተዎትን ዝገት ለማዳን ይጠቀሙበት፤ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ይደርቅ፣ መመሪያው ይታጠብ ካለ ይታጠብ። መፋቅ ለሰለቸው ሰው አቋራጭ ተደርጎ ሲሸጥ እናያለን፤ አይደለም።

ብረቱ ከጸዳ በኋላ ምን ያህል ጊዜ አለኝ?

ጥቂት። ፕራይመሩ በዚያው ቀን፣ አየሩ እርጥበት ካለው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ መቀባት አለበት። ለዚህ ነው አራቱን ቸርኬ ዛሬ ፍቆ ነገ መቀባት የማይሆነው፤ ሁለት ሁለት አድርጎ መጨረስ ይሻላል። በባዶ እጅም አይነካ፤ የላብ ጨው የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ያወጣል።

ከመቀባቱ በፊት የመጨረሻው ቅባት ማስለቀቂያ አልኮል ወይም የቀለም ሱቅ የሚሸጠው ቅባት አጽጂ ነው። በአንድ ጨርቅ ይቀባል፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል። ነጭ ጋዝና ናፍጣ ቅባታቸውን ትተው ስለሚሄዱ አይሆኑም።

ጉድጓዱን በስቱኮ ልሙላው?

የፊት ገጹ ላይ፣ ለመልክ ብቻ፣ በስሱ ይቻላል። ተራው ስቱኮ እርጥበት ስለሚመጥ ባዶ ብረት ላይ ከመለጠፍ ኢፖክሲ ፕራይመር ላይ ማድረግ ይመረጣል። ብየዳ ላይ፣ የዳዶ ቀዳዳ አጠገብና ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ስቱኮ የተከለከለ ነው። ስንጥቅ ይደብቃል፤ ሲሰባበርም አየር ያስወጣል።

የትኛው ፕራይመር?

ለባዶ ብረት ሃርድነር (ተቀላቅሎ የሚያጠነክር ፈሳሽ) ያለው ኢፖክሲ የሚወዳደረው የለም። እርጥበት አያሳልፍም፣ አጥብቆ ይይዛል። ሁለት እጅ ይበቃል። የሃርድነሩ መጠን በዓይን ግምት ሳይሆን ቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ልክ ይለካል፤ ያነሰም የበዛም ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ዚንክ ያለበት ፕራይመር ጥሩ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ የነጣ ብረት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ዚንኩ በብረቱ ፋንታ እየተበላ የሚከላከለው ከብረቱ ጋር ሲነካካ ነውና። በአሮጌ ቀለም ወይም በመቀየሪያ ላይ ከተቀባ እንደ ማንኛውም ግራጫ ቀለም ነው። አሲድ ያለበት ስስ ፕራይመር (ኤች ፕራይመር) ለአሉሚኒየም ይመቻል፤ በላዩ ግን ኢፖክሲ አይቀባም፣ አሲዱ ኢፖክሲው በደንብ እንዳይጠነክር ያደርጋል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ተራ ግራጫ ፕራይመር ደግሞ ውሃ ያሳልፋል፤ ተቀብቶ ቀለም ሳይደረግበት ለሳምንታት ውጭ የተቀመጠ ቸርኬ ሥሩ መዛግ ይጀምራል።

ስንት ቆርቆሮ ስፕሬይ ያስፈልገኛል?

400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ አየር ላይ የሚባክነው ተቀንሶ አንድ እጅ ከ1 እስከ 1.5 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለአራት የ15 ኢንች ቸርኬዎች የፊት ገጽ ብቻ 2 ቆርቆሮ ፕራይመር፣ 2 ወይም 3 ቀለም፣ 2 ክሊር ይያዙ። ጀርባውም ከተጨመረ ቀለሙ ወደ 5 ይጠጋል። በኮምፕሬሰር የሚረጭ ሰው ለፕራይመር ከ1.6 እስከ 1.8፣ ለቀለም ከ1.3 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር አፍንጫ፣ ግፊቱን 2 ባር አካባቢ ይጠቀም፤ የአየር መስመሩ ላይ ውሃ ማጥሪያ ይኑር።

600 ዲግሪ የሚችል የሙቀት ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ቸርኬ እንደ ጭስ ማውጫ አይግልም፤ እነዚህ ቀለሞች ደግሞ በሙቀት ካልበሰሉ ለስላሳ ሆነው ይቀራሉ፣ ጠጠር በቀላሉ ያነሳቸዋል።

እንዴት ልርጨው?

ቸርኬውን ባልዲ ላይ አጋድመው ያስቀምጡ፤ የተጋደመ ቸርኬ ላይ ቀለም አይወርድም። ጀርባውን ጨርሰው፣ ሲደርቅ ገልብጠው ፊቱን ይጀምሩ። የአየር ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፀሐይ የሚመታው ብረት ላይና ጠዋት ጤዛ ባለበት ሰዓት አይረጭም።

ቆርቆሮው ኳሱ ከተላቀቀ ጀምሮ 2 ደቂቃ ይናጣል። ርቀቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፤ መጫኑም መልቀቁም ከቸርኬው ውጭ ይሁን። መጀመሪያ የቀዳዳዎቹ ውስጥና ጠርዞቹ፣ ከዚያ ሰፊው ገጽ። የመጀመሪያው እጅ እንደ ጉም ስስ ሆኖ ሥሩ ይታይ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ይድገሙ። ፕራይመሩ ከደረቀ በኋላ በ400 ቁጥር ውሃ ወረቀት ይታሻል፤ ብረት ከታየ እዚያ ላይ ፕራይመር ይመለሳል። ሜታሊክ ቀለም ከክሊሩ በፊት አይታሽም፤ ከታሸ የሚያብለጨልጨው ቅንጣት ይረበሻል፣ ጭረቱም በክሊሩ ሥር ይታያል።

ቀለም የማይነካው ቦታ የትኛው ነው?

ሦስት ቦታ አለ፤ ብዙ ቆንጆ ሥራ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

አንደኛው የዳዶው መቀመጫ ነው፤ ዳዶው ወይም ቡሎኑ ተጠግቶ የሚጫንበት ሾጣጣ ወይም ክብ ጎድጓዳ። እዚያ ላይ ወፍራም ቀለም ካለ ሲጠብቅ ቀለሙ እንደ ትራስ ሆኖ ይጫናል፤ መኪናው ሲነዳ ይሰባበራል፣ ሲደቅ የዳዶው ጥብቀት ይቀንሳል። መላላት እንዲህ ይጀምራል። በመርጨት ጊዜ አሮጌ ዳዶ ወይም የተጠቀለለ ወረቀት ይሰካበት።

ሁለተኛው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚገጥመው የጀርባ ገጽ ነው። ምክንያቱ ያው ነው። እዚህ ላይ ዝገት እንዳይመለስ አንድ ስስ እጅ ፕራይመር ይበቃል፤ ቀለምና ክሊር አይደረብበትም። የሞዞውንም ገጽ በሽቦ ብሩሽ ያጽዱት፤ በሁለቱ መካከል የቀረ የዝገት ቅርፊት ቸርኬውን አጣሞ ያስቀምጠዋል፣ መሪ ያንቀጠቅጣል።

ሦስተኛው ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ ነው። ንጹህና ለስላሳ፣ በስስ ፕራይመር ብቻ የተሸፈነ ይሁን። የተደራረበ ቀለም ጎማ ሲገባ ይላጥና አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይተዋል።

ቀለሙ ተበላሸ። ምን አጠፋሁ?

እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ከሸሸ ሲሊኮን አለ። ብዙውን ጊዜ ከጎማ ማብረቂያ የመጣ ነው፤ በላዩ እየደጋገሙ መርጨት አያድነውም፣ ደርቆ ታሽቶ በቅባት አጽጂ ተጠርጎ ነው የሚጀመረው። ከተሸበሸበ፣ አዲሱ ቀለም ያለው ቲነር ሥር ያለውን ያልጠነከረ ዘይት ቀለም አብስሎታል። ከነጣ፣ እርጥበት ገብቶበታል። ሻካራ ዱቄት ከመሰለ፣ ከሩቅ ወይም በፀሐይ ስለተረጨ አየር ላይ ደርቆ ነው ያረፈው። ፈሶ ከወረደ አይነካካ፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በ600 ይስተካከላል።

ከወራት በኋላ በአንድ ቦታ ትንሽ ካበጠ ዝገት ቀርቶ ነበር። እንደ ወረቀት በሰፊው ከተላጠ ግን ዝገቱ ሳይሆን ሳይጫር የቀረ ለስላሳ ብረት ወይም ቅባት ነው ጥፋተኛው። ሁለቱን መለየት ድጋሚ ሲሠሩ የት ማስተካከል እንዳለብዎ ይነግርዎታል።

ሃርድነር ያለው ክሊር አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥንካሬው ቤንዚን ቢነካው እንኳ የማይለቅ ነው፤ ነገር ግን የፖሊዩሬታን ሃርድነር ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ዘላቂ የአስም በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ተራ የአቧራ ማስክ ምንም አይከላከልም። ንጹህ አየር ከውጭ የሚሰጥ ማስክ ከሌለዎት ክሊሩን ለቀለም ቤት ይስጡ፣ ወይም ሃርድነር የሌለውን ይጠቀሙ። ለዕለት መኪና የብረት ቸርኬ ያለ ሃርድነር የተሠራውም በቂ ነው።

በዘይት ቀለም ወይም በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ አይጣል፤ ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ውስጥ ይነከር ወይም ተዘርግቶ ይድረቅ።

አሎይ ቸርኬ ላይ ምን ይለያል?

የሽቦ ብሩሽና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ አይደረጉበትም። ብረት የነካ ብሩሽ ወይም ወረቀትም አይዛወር፤ የተሰገሰገው የብረት ብናኝ በኋላ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይዝጋል። ነጭ ዱቄቱና የተላጠው ክሊር ጤናማ ቀለም እስኪደረስ ድረስ በ180፣ ከዚያ በ320 ይታሻል። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከሚታዩት ጫፍ አልፈው ከክሊሩ ሥር ስለሚሄዱ ከጫፋቸው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር አልፎ መፋቅ ያስፈልጋል።

የዱቄት ቀለም (ፓውደር ኮት) ይሻላል?

ለብረት ቸርኬ፣ አዎ፤ ጠጠር ይቋቋማል። በብዛት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለ ምድጃ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል። ጎማው፣ ቫልቩና የባላንስ ክብደቱ መውጣት አለባቸው። ውፍረቱ ከስፕሬይ ስለሚበልጥ የዳዶ መቀመጫውን ማሸፈን እዚህ ይብሳል እንጂ አይቀንስም።

የከባድ መኪና ባለ ቀለበት ቸርኬስ (ጎማውን በሚወልቅ የብረት ቀለበት የሚይዘው)?

ጎማውን ለማውለቅ ከመነካቱ በፊት የቫልቩ ውስጠኛ መርፌ ወጥቶ አየሩ ጨርሶ ይውጣ፤ ጥንድ ጎማ ከሆነ ከሁለቱም። የተበላ ቀለበት ወይም ቀለበቱ የሚቀመጥበት የዛገ ቦይ አየር ሲሞላ ቀለበቱን እንደ ጥይት ሊያስፈነጥረው ይችላል። ቦዩ እስከ ብረቱ ይጽዳ፣ በስስ ፕራይመር ብቻ ይሸፈን። ከሌላ ቸርኬ የመጣ ቀለበት ቢገጥም እንኳ አይገጠም። አየሩ የሚሞላው በብረት ቀፎ ውስጥ፣ በረዥም ቱቦ፣ ከጎን ቆሞ ነው።

መቼ ልግጠመው? ዳዶውስ ምን ያህል ይጥበቅ?

ቀለሙ በ24 ሰዓት ለእጅ ይደርቃል፤ ጎማ ለማስገባት ግን 2 ወይም 3 ቀን፣ ቢቻል አንድ ሳምንት ይጠበቅ። ማሽኑ ላይ ሲገባ ፕላስቲክ መከላከያ ይደረግ፣ አዲስ ቫልቭ ይግባ፣ ባላንስ ይሠራ።

ዳዶዎቹ በእጅ ከተያዙ በኋላ በተራ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ፣ አንዱን ከተቃራኒው ጋር እያፈራረቁ ይጠብቃሉ። የቤት መኪና በብዛት ከ90 እስከ 130 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ጥርሱ ላይ ዘይትና ግሪስ አይቀባም፤ በተቀባ ጥርስ ላይ ያው ቁጥር ቡሎኑን ከልክ በላይ ይስበዋል። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ይፈተሽ። አዲስ ቀለም ባለበት ቸርኬ ላይ ይህ አይዘለልም።

ከሥራው በኋላም አየር ይቀንሳል፤ ለምን?

የሳሙና ውሃ በጠርዙ ዙሪያ፣ በቫልቩ ሥርና በብየዳው መስመር ላይ ያፍስሱ። ጠርዙ ላይ አረፋ ከወጣ ጎማው እንደገና ተነስቶ የቀረው ዝገት ወይም የተላጠ ቀለም ይጽዳ፤ የጠርዝ ማሸጊያ ፈሳሽ ይቀባበት። ብየዳው ወይም የቸርኬው ገላ ላይ አረፋ ከታየ ቸርኬው ተበስቷል፤ ይለወጥ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አሲድ ያለበት የቸርኬ ማጽጃና የግፊት ውሃ አያቅርቡለት፤ ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃል።